ይድረስ ለልጄ፦ የወለሉ ኮንክሪት ትንሽ ይቆይ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናትሽ ብቻ አኩርፋኛለች፤ ምክንያቱን እየቆየሁ እነግርሻለሁ።

ለሲሚንቶ የላክሽው ገንዘብ ደርሶኛል፤ ግን አልነካሁትም። የአዘዞው ቤትሽ ሙሌት፣ ከወለሉ ሥር የሚጠቀጠቀው አፈር፣ ገና ነው። ሠራተኞቹ «ጋሼ፣ ድንጋይ ሆኗል እኮ!» እያሉ በተረከዛቸው መትተው አሳዩኝ። እኔም መታሁት፤ እውነትም ጠንካራ ነው። የማራኪው ቤታችንም ያን ጊዜ በተረከዝ ሲመቱት ጠንካራ ነበር። ሳሎን ከበሩ ኋላ ሲረግጡት እንደ ከበሮ የሚጮኸው ሴራሚክ ትዝ ይልሻል? ልጅ ሆነሽ እየዘለልሽ የምትስቂበት? ከሥሩ ባዶ ነው። 80 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሙሌት ባንድ ቀን አስገልብጠን ላይ ላዩን ብቻ አስጠቀጠቅነው። በሁለተኛው ክረምት ሙሌቱ ወረደ፣ ወለሉ ተንጠልጥሎ ቀረ። ስንት ዓመት ሠሪውን አማሁት፤ ቆሜ ሳሠራ የነበርሁት ግን እኔው ነኝ።

ስለዚህ ያሁኑን ልለካው አልሁ። ፎቅ ቢሆን ላቦራቶሪ ግድ ነው፤ የምድር ቤት ወለልን ግን ጓዳ ባለው ዕቃም መፈተሽ ይቻላል።

መጀመሪያ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ይዤ ሄድሁ። በሙሉ ክብደቴ ስጫነው መሃሉ ላይ ሁለት ጣት ያህል ገብቶ ቆመ፤ ግንቡ ጥግ ግን አንድ ስንዝር ዘለቀ። ጥጉ ጋ ኮምፓክተሩ፣ መጠቅጠቂያው ማሽን፣ አይደርስም፣ ሰው ደግሞ ይሰንፋል። ፌሮ የላላውን ቦታ ይጠቁምሻል እንጂ ልክ አይሰጥሽም።

ልኩን ለማግኘት ጀበና የምታስቀምጥ ጉድጓድ በማንኪያና በመሮ ቆፈርሁ። የወጣውን አፈር ቅንጣት ሳላስቀር ሰብስቤ በእናትሽ የበርበሬ ሚዛን መዘንሁት፤ 2,610 ግራም። ጉድጓዱ ውስጥ ስስ ፌስታል አንጥፌ እስከ አፉ ውሃ ሞላሁት፤ 1,450 ሚሊ ሊትር ያዘ። ሲካፈል ለአንድ ሚሊ ሊትር 1.80 ግራም ይመጣል። ይኸ ግን ከነእርጥበቱ ነው፤ ውሃው ሚዛን ላይ ቢከብድም ወለል አይሸከምም። ከዚያው አፈር 500 ግራም ወስጄ እናትሽ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት በብረት ምጣዷ አመስሁት። ላዩ ላይ መስታወት ስትይዥ ላቦት ካልያዘ ደርቋል ማለት ነው። 430 ግራም ቀረ፤ እርጥበቱ የደረቁን 16 ከመቶ ነበር ማለት ነው። ደረቁ እንግዲህ 1.55። ኩርፊያው የመጣው ከዚህ ነው፤ አፈር አፈር የሚል እንጀራ አልበላም አለች።

1.55 ብቻውን ትርጉም የለውም። ይኸው አፈር ቢበዛ እስከ ስንት ይደርሳል? ራልፍ ፕሮክተር የሚባል የካሊፎርኒያ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1933 ለአፈር ግድብ ብሎ ያወጣው ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል፤ አንድ ሊትር በማይሞላ የብረት ዕቃ አፈሩን በሦስት ድርብ እየጨመሩ፣ 2.5 ኪሎ ክብደት ከ30 ሳንቲ ሜትር ግድም እየለቀቁ እያንዳንዱን ድርብ 25 ጊዜ መምታት ነው። ቁራጭ ቱቦ አስበይጄ አራት ጊዜ ሞከርሁ፣ በየጊዜው ውሃ እየጨመርሁ። ደረቁ አልያያዝ አለ። ሦስተኛው፣ እርጥበቱ 19 ከመቶ ግድም የሆነው፣ ውሃው ተቀንሶ ደረቁ 1.70 ደረሰ። አራተኛው ጭቃ ሆኖ ወረደ። 1.55 የ1.70ው 91 ከመቶ ነው፤ የሚፈለገው ብዙ ጊዜ 95 ነው። ልጆቹ ጉልበት አልሰሰቱም፤ ውሃ ነው የሰሰቱት። ለውሃ ቦቴ ሰጥቼ የነበረው ብር የት እንደገባ አልጠየቅሁም።

ማክሰኞ አስቆፍረን በ15 ሳንቲ ሜትር ድርብ፣ ውሃ እያጠጣን እንደገና አስጠቀጠቅን። ልኩን በእጄ ነው የማየው፦ ጨብጠሽ ስትለቂው ተያይዞ ቀርቶ፣ በአውራ ጣት ስትጫኝው ሁለት ሦስት ቦታ ከተሰበረ ደርሷል፤ መዳፍሽን ካራሰ በዝቷል። ሲቆፈር ከመሠረቱ የወጣ የዋልካ ጓል ጥግ ላይ ተደባልቆ አገኘሁና አስወጣሁት። ዋልካ የፈለግሽውን ያህል ብትጠቀጥቂው ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል።

ትናንት ሁለት ጉድጓድ ቆፈርሁ። መሃሉ 96 ወጣ፣ ጥጉ 93። ጥጉን ነገ በእጅ እናስመታዋለን፤ ሳልለካው ሲሚንቶ አልገዛም። ክረምቱ ሳይገባ እንደርሳለን።

ስትመጪ ለእናትሽ ብረት ምጣድ ያዥላት። ሚዛኑንም ነጥቃኛለችና አንድ ለእኔ።

አባትሽ፣ ከጎንደር