ስለ ኤጎን ኤርቪን ኪሽ ለንባብ ማኅበራችን አባላት

የተከበራችሁ አባላት፣

በመጪው ስብሰባችን የምንነጋገርበት ኤጎን ኤርቪን ኪሽ እ.ኤ.አ. በ1885 በፕራግ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ፣ በጀርመንኛ የሚጽፍና ከ1919 ጀምሮ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል የነበረ ጋዜጠኛ ነው። በ1933 የጀርመን ፓርላማ የሆነው የራይሽስታግ ሕንፃ በተቃጠለ ማግስት ናዚዎች በርሊን ውስጥ አሰሩት፤ የቼኮስሎቫኪያ ዜጋ በመሆኑ ግን ከአገር አባረሩት።

በጥልቀት እንድንመለከተው የምፈልገው የ1934ቱን የአውስትራሊያ ጉዞውን ነው። በፀረ ጦርነትና ፀረ ፋሺስት ጉባኤ ላይ ሊናገር ሲሄድ መንግሥት ከመርከብ እንዳይወርድ ስለከለከለው፣ ሜልቦርን ላይ ወደ ወደቡ ዘሎ እግሩን ሰበረ። ሲድኒ ሲደርስም ባለሥልጣናቱ የኢሚግሬሽን ሕጉ የማይፈለግን ሰው በማንኛውም የአውሮፓ ቋንቋ ቃለ ጽሕፈት መፈተንንና ከወደቀ እንዳይገባ መከልከልን ስለሚፈቅድ፣ ብዙ ቋንቋ የሚያውቀውን ይህን ሰው ሆን ብለው ጥቂት ስኮትላንዳውያን ብቻ በሚናገሩት በስኮትላንድ ጌሊክ ቋንቋ ፈትነው ጣሉት። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን ጌሊክ በሕጉ አነጋገር የአውሮፓ ቋንቋ አይደለም ብሎ ፈረደለት፤ እርሱም እግሩ ሳይድን በሺዎች ለሚቆጠር ሕዝብ ስለ ሂትለር አገዛዝ ተናገረ።

ድፍረቱን ከልቤ አደንቃለሁ፤ ሆኖም ስለ ሶቪየት ኅብረት በአድናቆት ሲጽፍ የስታሊንን ግፍ በአደባባይ አለማውገዙን ሸፍነን እንዳናልፍ አደራ እላለሁ።