መጀመሪያ ካቻቢቴውን አንሱ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሰሞኑን ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር ያወጣችኋትን ምክር አነበብኳት። «ድምፁ ካልጣማችሁ ፒክአፑን ቀይሩ» ትላለች፤ ፒክአፕ ማለት ከክሮቹ ሥር ሆኖ ንዝረታቸውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ዕቃ ነው። እኔ ቀይሬ አይቻለሁ፤ ጉዴን ልንገራችሁ።

ሰርግ ላይ ጊታር መጫወት ከጀመርኩ 17 ዓመቴ ነው። ጊታሬ ባለ ሦስት ፒክአፕ፣ ስትራቶካስተር የሚባለው የጊታር ሞዴል ዓይነት ናት። ወፍራሞቹን ክሮች ወደ ጊታሯ አካል በተጠጉት ፍሬቶች (አንገቷን በሚያቋርጡት የብረት መስመሮች) ላይ ስይዛቸው ድምፁ ይወላገድ ጀመር። መቃኛው ልክ ነው ይላል፣ ጆሮዬ አይደለም ይላል። አንገቷ በኩል ያለው ፒክአፕ ሞቷል ብዬ ደመደምኩ። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ስትመጣ «ቁጥሩ ትልቅ የሆነውን አምጪልኝ» አልኳት። 14 ኪሎ ኦም (ኦም ሽቦው ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መለኪያ ነው) የሆነ፣ በባለ ነጠላ ጥምጥሙ ቦታ የሚገባ ጠባብ ሀምበከር፣ ማለትም ባለ ሁለት ጥምጥም ፒክአፕ፣ ይዛልኝ መጣች። የድሮው 6 ገደማ ነበር። ከእጥፍ በላይ! ስታኞ አቅልጬ ራሴው ገጠምኩት።

ቤት ውስጥ ለብቻው ግሩም ነበር። ሰርጉ ላይ ኦርጋኑና ሳክስፎኑ ሲገቡ ግን ጊታሬ የት እንደገባች ጠፋችብኝ። አንቺሆዬ ሲመጣማ አይወራ። አንቺሆዬ በግማሽ ድምፅ የተጠጋጉ ኖታዎች አሉት፤ ጣዕሙም እነሱ ጥርት ብለው ሲለዩ ነው። የእኔ ገንፎ ሆኑ።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ፒክአፕ ማለት ማግኔት ላይ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ የተጠመጠመ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነው። ጥምጥሙ ሲበዛ ጉልበት ይጨምራል፣ ቀጭኑ ድምፅ ግን ይታፈናል። ሽቦው ሲቀጥን ደግሞ ጥምጥሙ ሳይጨምር ቴስተሩ ላይ ቁጥሩ ከፍ ይላል። በኦም ብቻ ፒክአፕ መምረጥ በርበሬን መዝኖ ስለ ማቃጠሉ እንደ መፍረድ ነው። በዚያ ላይ የጊታሬ ቮልዩም ማዞሪያ ለነጠላ ፒክአፕ የተሠራ ባለ 250 ኪሎ ኦም ነው። ለሀምበከር የተለመደው 500 ነው፤ ይኼም የባሰ አደነዘዘው።

ጎረቤቴ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። አሮጌውን መልሶ ገጠመና ጎንበስ ብሎ አየው። «ሰውዬ፣ ማግኔቱ ክሩ ሥር ገብቶ እየጎተተው እኮ ነው!» አለኝ። የመጨረሻውን ፍሬት አስይዞኝ፣ በካቻቢቴ ብሎኖቹን አላልቶ ከክሩ 2 ሚሊ ሜትር ያህል አራቀው። በቀጭኑ ክር በኩል ትንሽ ጠጋ። አለቀ። መወላገዱ ጠፋ።

መቀየር ክልክል ነው አላልኩም። የአዳራሹ መብራት ሲበራ እዝዝ የሚለው ካስመረራችሁ ሀምበከር ግጠሙ፤ ሁለቱ ጥምጥሞች ያንን እዝዝታ እርስ በርስ ያጠፉታል። ግን ቤት ቁጭ ብላችሁ አትፍረዱ። የድምፅ ማጉያውን (የአምፑን) ማስተካከያ ሳትነኩ፣ ከነባንዱ፣ ስልካችሁን እንግዶቹ ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ ቅዱት።

ባለ 14ቱ መሳቢያ ውስጥ ነው። የአክስቴ ልጅ በደወለች ቁጥር «ድምፁ እንዴት ነው?» ትለኛለች። «ልዩ ነው» እላታለሁ። ጋዜጣችሁን እዚያም ሆና ስለምታነብ እባካችሁ ስሜን አታውጡብኝ።

ጊታሪስቱ፣ ከመገናኛ