ጥያቄው ታካሚው ዘንድ ደርሷል ወይ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የሐኪሞችን ሥልጠና በማጥናት ዕድሜያቸውን ስላሳለፉ ምሁራን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። የታተሙ ጥናቶች ብዛት፣ ሌሎች ስንት ጊዜ እንደጠቀሷቸው፣ ማዕረጉና ሽልማቱ ሁሉ ተዘርዝሯል። ጥናቶቹ ምን እንዳገኙ ግን አንድም አንቀጽ አልተሰጠውም። ስለ ልብ ቀዶ ሐኪም ቢሆን ኖሮ ልቡ ምን እንደነበረና በምን እንደተጠገነ ሳትነግሩን አታልፉም ነበር። ሐኪሙ ራሱ እንዴት እንደሚሠለጥን የሚያጠናው ሰው ላይ ሲደረስ «የትምህርት ጥራትን ለማሻሻል ሠርተዋል» ተብሎ ይዘጋል።

በዚህ ሙያ የአንድን ተመራማሪ ሥራ ለመመዘን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፤ ያነሣውን ጉዳይ ከመማሪያ ክፍል ጀምሮ ታካሚው ዘንድ እስኪደርስ ተከታትሎታል ወይስ መንገድ ላይ ጥሎታል? መንገዱ ረጅም ስለሆነ አብዛኛው ሥራ መነሻው ላይ ይቀራል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው ላይ የሚቀረው ጥናት በቀላሉ ይለያል። የሁለት ቀን ሥልጠና ይዘጋጃል፤ ሲገቡ ፈተና፣ ሲወጡ ያው ፈተና፣ መጨረሻ ላይ «ምን ያህል ረክተዋል? በራስ መተማመንዎ ጨምሯል?» የሚል መጠይቅ። ውጤቱ ሁልጊዜ ያማረ ነው። ማነጻጸሪያ ቡድን የለም። የመግቢያው ፈተና ራሱ ሠልጣኞቹ ምን ላይ ማተኮር እንዳለባቸው ጠቁሟቸዋል፤ በማግሥቱ የታወሰው ከስድስት ወር በኋላ ይታወስ እንደሆነ ደግሞ የጠየቀ የለም። በራስ መተማመን የሚባለውማ ጭራሽ ውሃ አያነሣም። በ2006 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ግምገማ ሐኪሞች ለራሳቸው የሰጡትን ግምት ሌሎች ከለኩት ጋር ያስተያዩ 20 ንጽጽሮችን ሰብስቦ ነበር። በ13ቱ ዝምድናው ደካማ ነው፣ ወይም የለም፣ ወይም ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ «ሠልጣኞቹ ብቃታቸው እንደጨመረ ገልጸዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ስታነቡ ስለ ብቃታቸው ምንም አልተነገራችሁም።

የሙያው ጠንካራ ግኝቶች የበዙት ምዘና ላይ ነው። ድሮ የሕክምና ተማሪ የመጨረሻ ተግባራዊ ፈተና ብዙውን ጊዜ በአንድ በሽተኛ ያልቅ ነበር፤ ተማሪው በሽተኛውን መርምሮ ሲጨርስ አንድ ወይም ሁለት መምህራን ያፋጥጡታል። የደረሰው ሕመም የሚያውቀው ከሆነ ይቀናዋል፤ ካልሆነ ጉዱ ፈላ። ተማሪዎች «ነገሩ ዕድል ነው» እያሉ ቢያማርሩ የሰነፍ ሰበብ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲው አርተር ኤልስቲንና ባልደረቦቹ በ1978 ያሳተሙት ሥራ ግን የተማሪዎቹን አቤቱታ የሚደግፍ ሆኖ ተገኘ፤ አንድ ሐኪም የአንዱን በሽተኛ ችግር በሚገባ መፍታቱ የሚቀጥለውንም እንደሚፈታ እምብዛም አይተነብይም። የምርመራ አስተሳሰብ ከዕውቀት ተነጥሎ ለሁሉም በሽታ የሚሠራ አንድ ችሎታ አይደለም ማለት ነው። ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ትምህርት ብዙ ፈታኞች ዛሬም የሚከብዳቸው ነው፤ ፈተናን አስተማማኝ የሚያደርገው የጥያቄው መራቀቅ ሳይሆን የጉዳዮቹ መብዛት ነው።

በ1975 ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ ከስኮትላንዷ ደንዲ ያስተዋወቁት፣ ተማሪዎች ኦስኪ የሚሉት የጣቢያ ፈተና የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። ተማሪው በየ5 ወይም በየ10 ደቂቃው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ይዞራል፤ አንዱ ጋ የሕመም ታሪክ ይወስዳል፣ ሌላው ጋ ሳንባ ያዳምጣል፣ ሌላው ጋ መርዶ ያረዳል። በየጣቢያው ፈታኙ ስለሚለዋወጥ የአንዱ ጭካኔ በሌላው ቸርነት ይካካሳል። ይህን መዋቅር ማበላሸት ደግሞ ቀላል ነው። በጀት ሲያጥር ጣቢያዎቹ ከ16 ወደ 8 ይወርዱና የእያንዳንዱ ጊዜ ይረዝማል፤ ጠቅላላው ሰዓት ያው ነው፣ ዕድሉ ግን ተመልሶ ገባ። ፈታኝ ሲጎድል አንዱ መምህር ሁለት ሦስት ጣቢያ ይይዛል፤ ያኔ የእሱ አመል የተማሪው ነጥብ ሆኖ ይቆጠራል።

ሦስተኛው ስሕተት የማመሳከሪያ ቅጽ ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከነሕመሙ አብረውት ስለሚኖሩ ትንሽ ልቆይበት። «ጠየቀ/አልጠየቀ» እያለ ሠላሳ ነጥብ የሚዘረዝር ቅጽ ሲታይ ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ልምድ ያለው ሐኪም በአራት ጥያቄ ወደ በሽታው ያመራል እንጂ ሠላሳውን አያዳርስም። ብራያን ሆጅስና ባልደረቦቹ በ1999 ባሳተሙት ጥናት ልምድ ያላቸው ሐኪሞች በማመሳከሪያ ቅጹ ከተማሪዎችና ከሬዚደንቶች (ስፔሻሊቲ እየሠለጠኑ ካሉ ሐኪሞች) ያነሰ ነጥብ አገኙ፤ ፈታኙ አጠቃላይ ፍርዱን በሰጠበት መለኪያ ግን በለጧቸው። ጀማሪ ላይ ቅጹ ይጠቅማል፤ ወደ ስፔሻሊቲ ሲኬድ ችሎታን መቅጣት ይጀምራል። የሚያዋጣው የሠለጠነ ፈታኝ አጠቃላይ ፍርድ፣ ከጥቂት ሊታለፉ ከማይገባቸው ነጥቦች ጋር ነው። የኔዘርላንድሷ ማስትሪኽት ዩኒቨርሲቲው ኬስ ቫን ደር ፍሎይተን በ1996 ያቀረበው ቀመርም እዚህ ላይ ያግዛል፤ የአንድ ምዘና ጥቅም የአስተማማኝነቱ፣ የትክክለኛነቱ፣ በትምህርቱ ላይ የሚያሳድረው ውጤት፣ የተቀባይነቱና የወጪው ብዜት ነው ይላል። ድምር ሳይሆን ብዜት በመሆኑ አንዱ ዜሮ ከሆነ ሁሉም ዜሮ ነው።

ጆርጅ ሚለር በ1990 ባቀረበው ፒራሚድ ከታች «ያውቃል»፣ ከዚያ «እንዴት እንደሆነ ያውቃል»፣ ከዚያ «ሠርቶ ያሳያል»፣ ጫፉ ላይ «ይሠራል» ይላል። የጣቢያ ፈተና ሦስተኛው ላይ ይቆማል። ጫፉን ለመንካት የዚያችው የኔዘርላንድስ ከተማ የዩትሬክቱ ኦሌ ቴን ካቴ በ2005 ጥያቄውን ገለበጠው፤ «ስንት ነጥብ ይገባዋል?» በማለት ፈንታ «ይህን ሥራ ለብቻው ልተውለት እችላለሁ?»። መልሱ አምስት እርከን አለው፦ ያያል ብቻ፣ አሠልጣኙ አጠገቡ ቆሞ ይሠራል፣ አሠልጣኙ በጥሪ እየደረሰለት ይሠራል፣ ለብቻው ይሠራል፣ ሌላውን ይቆጣጠራል። ነጥብ መስጠት የሚያስፈራው መምህር ለዚህ ጥያቄ ሐቀኛ መልስ ይሰጣል፤ ሌሊት የሚጠራው እሱው ነውና።

ታካሚው ዘንድ የደረሱት ጥናቶች ጥቂት ናቸው። በቺካጎ ኖርዝዌስተርን የጄፍሪ ባርሱክ ቡድን ሬዚደንቶችን ማዕከላዊ የደም ሥር ካቴተር (ወደ ትልቅ የደም ሥር የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ማስገባት በሲሙሌሽን፣ ማለትም በአስመሳይ አካል ላይ በመለማመድ፣ አስተማረ፤ የማለፊያ ነጥቡ አስቀድሞ ይቆረጣል፣ ያልደረሰበት እስኪደርስ ይለማመዳል፣ ሳያልፍ በሽተኛ አይነካም። በ2009 እንደታተመው በጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ከካቴተር የሚነሣ የደም ኢንፌክሽን በ1,000 የካቴተር ቀናት (ካቴተር በሽተኞች ላይ የቆየባቸው ቀናት ድምር) ከ3.20 ወደ 0.50 ወረደ። ጥናቱን የሚያስከብረው በዚያው ሆስፒታል ሥልጠናውን ያልወሰዱ ሐኪሞች የሚሠሩበትን ክፍል ለማነጻጸሪያ መያዙ ነው። በዚያው ዓመት ዴቪድ አሽና ባልደረቦቹ በኒው ዮርክና በፍሎሪዳ ከ1992 እስከ 2007 የተመዘገቡ 4.9 ሚሊዮን ገደማ ወሊዶችን ሐኪሞቹ ከሠለጠኑባቸው 107 ፕሮግራሞች ጋር አገናኙ። ፕሮግራሞቹ በውጤታቸው አምስት ቦታ ሲከፈሉ፣ ከዝቅተኛው ክፍል በወጡ ሐኪሞች እጅ የእናቶች ከባድ ችግር 13.6 በመቶ፣ ከከፍተኛው ክፍል በወጡት እጅ 10.3 በመቶ ነበር። «ጎበዞቹ ወደ ጥሩው ፕሮግራም ስለሚገቡ ነው» የሚለው ሙግት የፈቃድ ፈተና ውጤታቸው ሲታሰብም ልዩነቱን አላጠፋውም።

እንዲህ ያለው ግኝት በጥንቃቄ ካልተያዘ ጉዳት አለው። ማክሲን ፓፓዳኪስና ባልደረቦቿ በ2005 በሙያ ቦርድ የተቀጡ 235 ሐኪሞችን ካልተቀጡ 469 ጋር አነጻጽረው በተማሪነት ዘመን የተመዘገበ የሥነ ምግባር ጉድለት ከኋላው ቅጣት ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ። አንዳንድ ኮሚቴ ይህን ይዞ ተማሪ ሊያባርር ይነሣል። ጥናቱ የጀመረው ግን ከተቀጡት ነው፤ ጉድለት ተመዝግቦባቸው ሙሉ ዕድሜያቸውን ያለ ነቀፋ የሠሩት ስንት እንደሆኑ የሚቆጥር ንድፍ የለውም።

እንግዲህ ጥያቄው ታካሚው ዘንድ እስኪደርስ የሚፈጀውን ጊዜ አስሉት። በካናዳ በ1993 እና በ1996 መካከል የብሔራዊ ክሊኒካዊ ፈተና የወሰዱ 3,424 ሐኪሞች የተግባቦት ነጥብ ከታካሚዎች አቤቱታ ጋር መያያዙን ሮቢን ታምብሊንና ባልደረቦቿ ያሳተሙት በ2007 ነው። የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ ግን በየሁለት ሦስት ዓመቱ ወረቀት ይቆጥራል። ወጣቱ ተመራማሪም ያንኑ የሁለት ቀን ሥልጠና ለሦስት ከፍሎ ሦስት ጽሑፍ ያወጣል። እሱን ብቻ አልወቅስም።

ወደዚህ ሙያ ለሚገባ ሐኪም አስቀድሞ የሚበጁት ነገሮች እንዲህ ናቸው። የስታቲስቲክስ ባለሙያ መጠራት ያለበት መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ሳይሆን ንድፉ ሲወጣ ነው፤ በአራት ዋርድ የተመደቡ 60 ተማሪዎች እንደ 60 ነጻ ሰዎች አይቆጠሩም፤ በአንድ መምህር ሥር ያሉት እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ የጥናቱ ትክክለኛ መጠን ለ4 ሊቀርብ ይችላል። ግለሰቦችን በዕጣ መክፈል ብዙም አያዋጣም፤ ተማሪዎች ማስታወሻ ይለዋወጣሉና ዋርዱን ወይም ዙሩን በሙሉ በዕጣ መመደብ ይሻላል፤ ለማነጻጸሪያው ቡድን ደግሞ ያው ሥልጠና በኋላ ይሰጠዋል። ስምምነቱን የሚጠይቀው ውጤት የሚሰጠው መምህር ከሆነ ተማሪው እምቢ ማለት አይችልም፤ ሌላ ሰው ይጠይቅ። ስምና መለያ ቁጥር የሚያገናኘው ዝርዝርም ተመራማሪው እጅ አይቀመጥ። ከምርቃት በኋላ ለመጠይቅ የሚመልሱት ነገር የቀናቸው ናቸውና ያልመለሱት በምን እንደሚለዩ አስቀድሞ ከተያዘው መረጃ መታየት አለበት።

ለትምህርት ቤቶች ደግሞ አንድ ነገር ብቻ። አብዛኞቹ የሚያስቀምጡት «አለፈ/ወደቀ» እና ጠቅላላ ድምሩን ነው፤ የየጣቢያው ነጥብ፣ ፈታኙ ማን እንደነበረና የፈታኙ የእጅ ጽሑፍ አስተያየት ሰሚስተሩ ሲያልቅ ይጣላል። ከአሥር ዓመት በኋላ ከታካሚ መዝገብ ጋር ሊገናኝ የሚችለው ግን ያ የተጣለው ነው። ለምርምር እንዲውል የተማሪው ፈቃድ በምዝገባ ዕለት በአንድ ገጽ ቅጽ ቢወሰድ ይበቃል፤ ከተመረቁና ከተበታተኑ በኋላ አድራሻቸውን ፈልጎ ማስፈረም የጥናቱን ግማሽ ሠልጣኝ ያስቀራል።

ከአክብሮት ጋር፣
በሕክምና ትምህርት ምርምር ላይ የሚሠራ አንባቢያችሁ