ስለ ካንቪ አይላንዱ የሮክ ቡድን ዶክተር ፊልጉድ

ይድረስ ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፤

ስለ እንግሊዝ ሮክ ሙዚቃ ታሪክ ሲጻፍ ለንደንና ሊቨርፑል ደጋግመው እየተነሱ፣ በቴምዝ ወንዝ መዳረሻ የምትገኘው ትንሿ የባሕር ዳር ከተማ ካንቪ አይላንድ መዘለሏ ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. በ1953 ባሕሩ ገንፍሎ ከሃምሳ በላይ ነዋሪዎቿን የነጠቃት፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያዎች የሚታዩባት ይህች ከተማ በ1971 ዶክተር ፊልጉድ የተባለውን ቡድን አፍርታለች።

ድምፃዊው ሊ ብሪሎ በሻካራ ድምፁና በሃርሞኒካው መድረኩን ይገዛ ነበር፤ በእኔ እምነት ግን የቡድኑ ልዩ መለያ ጊታሪስቱ ዊልኮ ጆንሰን ነው፤ ምክንያቱም ያለ ፒክ (የጊታር ክር መምቻ ቁራጭ)፣ በጣቶቹ ብቻ ክሮቹን እየመታ ምቱንና ዜማውን በአንድ ጊዜ ይጫወት ስለነበር፣ ቡድኑ ሌላ ጊታሪስት አላስፈለገውም። ረጃጅም የጊታር ሶሎ (ጊታሪስቱ ብቻውን ጎልቶ የሚጫወተው ክፍል) በነገሠበት በዚያ ዘመን የጥቁር አሜሪካውያንን ብሉዝ በአጭሩና በፍጥነት በመጫወታቸው፣ ከኋላቸው ለመጡት፣ ፓንክ የተባለውን ፈጣንና ያልተወሳሰበ የሮክ ስልት ለሚጫወቱ ወጣቶች መንገድ ጠርገዋል። በ1976 የወጣው፣ በመድረክ ላይ የተቀዳ አልበማቸው በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኗል። ጆንሰን በ1977 ከቡድኑ ቢወጣም፣ ብሪሎ በ1994 እስኪያርፍ ድረስ ቡድኑን መርቷል።

የሙዚቃ ዓምዳችሁ ለእነዚህ ሰዎች አንድ ሙሉ ገጽ እንዲሰጥልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ