የብሉግራስ ፌስቲቫል የሚሄድ ሰው እዚያው ይደር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በሰመር ቤተሰብ ይዞ የሚኬድባቸው ብላችሁ ያወጣችሁትን የቦታዎች ዝርዝር አነበብኩት። የባሕር ዳርቻው አለ፣ መዝናኛ ፓርኩ አለ፣ የሐበሻ ኮንሰርቱም አልቀረም። እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከዲሲ አካባቢ በአንድ ቀን መንገድ የሚደረስበት የብሉግራስ (ባንጆና ማንዶሊን በመሳሰሉ ባለ ክር መሣሪያዎች የሚጫወቱት የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ) ፌስቲቫል ግን በስሙም አልተነሳም። ይህ ስለቆጨኝ ነው የምጽፈው።

ጋላክስ በደቡብ ምዕራብ ቨርጂኒያ፣ ብሉ ሪጅ ተራሮች ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከ1935 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስሙ የገነነ የፊድል (የቫዮሊን) ተጫዋቾች ውድድር አላት፤ ኦገስት ላይ ፌልትስ ፓርክ በድንኳንና በካምፕ መኪና ይሞላል። መድረኩ ላይ ባንጆው፣ ፊድሉ፣ ማንዶሊኑ፣ ዶብሮ የሚባለው የጊታር ዓይነትም በየዘርፉ ይወዳደራል፤ እግር መሬቱን እየመታ የሚጨፈርበት የጭፈራ ውድድርም አለ። ግን ቲኬት ቆርጦ ሁለት ሦስት ሰዓት መድረክ አይቶ የተመለሰ ሰው ዋናውን አላየም። ዋናው ያለው ከመድረኩ ጀርባ፣ ሰው በሚያድርበት ሜዳ ላይ ነው። ከተራን ጃንሜዳ ያደረ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ በየድንኳኑ ደጅ ክብ ይሠራል፣ የአንዱ ክብ ዜማ ሳያልቅ የሌላው ይሰማል።

አንድ ሌሊት ከድንኳናችን ፊት ለፊት የተቀመጡትን ልንገራችሁ። ማንዶሊን የያዙ ሽማግሌ፣ ትልቁን ቤዝ ያቆመ ወጣት፣ አንድ ባንጆ፣ ሁለት ጊታር፣ ፊድል የያዘች ልጅ። ማይክ የለም፣ ስፒከር የለም፣ ከበሮም የለም፤ ምቱን የሚይዙት ቤዙና ማንዶሊኑ ናቸው። ዘፈኑን የሚመሩት ሽማግሌ መጀመሪያ ቁልፉን ጮክ ብለው ተናገሩ፤ "ጂ!" አሉ። አንድ ስንኝ ዘፍነው በአገጫቸው ወደ ባንጆው ሲያመለክቱ ሌላው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አደረገለት። ተራው ልጅቷ ዘንድ ሲደርስ ራሷን ነቀነቀች፤ ማንም ምንም ሳይላት ወደ ቀጣዩ አለፉ። በሚቀጥለው ዙር ግን ገባችበት፣ አሳምራም ተጫወተችው። ሽማግሌው አንድ እግራቸውን ከመሬት ሲያነሱ ሁሉም እኩል አቆመ፤ የማብቂያው ምልክት እሱ ነው። እነዚህ ሰዎች የተዋወቁት የዚያኑ ዕለት ማታ ነበር። ጊታር የሚማረው ልጄ ከክቡ ውጭ ሆኖ ቀስ ብሎ ሲመታ አይተውት ወንበር ሳቡለት።

በብሉግራስ ለብዙ ቀን ድንኳን ተክሎ መሰንበት የተጀመረውም እዚሁ ግዛት ነው። በ1965 ካርልተን ሄኒ የሚባል አዘጋጅ ፊንካስል አጠገብ፣ በአንድ የፈረስ እርባታ ላይ፣ በሌበር ደይ (ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ በሚውለው የሠራተኞች በዓል) ሰሞን የብሉግራስ አባት የሚባለውን ቢል ሞንሮንና ሌሎች ሙዚቀኞችን ሰብስቦ ነበር። የዛሬዎቹ የብሉግራስ ፌስቲቫሎች አብዛኞቹ ያንን ተከትለው የመጡ ናቸው።

"የፈረንጅ ባላገር ሙዚቃ ነው፣ እኛ እዚያ ምን እንሠራለን?" የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። ስጋታቸውን አላቃልልም። አብዛኛው ታዳሚ ነጭ ነው፤ ጥቁር ልጆችን ይዞ የማያውቁት ገጠር ገብቶ ማደር ያሳስባል፣ እኔንም አሳስቦኛል። ነገር ግን የባንጆ ዘር ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ከቅል የሠሩት መሣሪያ ነው። ቢል ሞንሮ ራሱ በወጣትነቱ ኬንታኪ ውስጥ ከጥቁሩ ጊታሪስትና ፊድል ተጫዋች ከአርኖልድ ሹልትዝ ጋር በየጭፈራው ተጫውቷል፣ ከእሱ የተማረውንም ሳይሸሽግ ተናግሯል። ልጆቻችን ይህን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በጆሯቸውም ይወቁት። በእኛ በኩል ፊት የነሳን ሰው አልገጠመንም። ሌሊት ዶፍ ዝናብ ከነፋስ ጋር ሲወርድ ጎረቤታችን ባትሪና ገመድ ይዞ መጥቶ ድንኳናችንን አብሮን ወጠረ።

ለሚሄድ ሰው፦ ቦታ ለመምረጥ ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ ከጄነሬተር ራቅ በሉ። ኦገስትም ቢሆን ተራራው ላይ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት ጤዛው ጫማ ያርሳል፤ ብርድ ልብስ አይቅር። ሕፃን ያለው የጆሮ መድፈኛ ይያዝ፣ ጨዋታው እኩለ ሌሊትን ያልፋልና።

ዝግጅት ክፍሉን የምለምነው የፌስቲቫሉን ቀን ከሜይ ጀምሮ እንድታወጡልን ነው። አብዛኞቻችን በፈረቃ የምንሠራ ነን፤ ፈቃድ ለመጠየቅ ሁለት ወር ያስፈልገናል።

አክባሪያችሁ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ