ያ የአፕል ጥያቄህ

ዌናቺ፣ ዋሽንግተን ስቴት

ይድረስ ለወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እናትህስ? ልጆቹስ አደጉ? እኔ ደህና ነኝ፤ ክብሩ ይስፋ። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብድግ ብዬ “እንደምን ሰነበትክ” ስልህ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። ስድቡን ጨርስና አንብበው።

የመጨረሻ መልእክትህ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ። ኅዳር ላይ ነበር። አንድ ካርቶን አረንጓዴ አፕል ገዝተህ ሱቅህ ደረደርከው። ስትከፍተው እንከን አልነበረውም። በአራተኛው ቀን ልጣጩ ላይ ቡናማ ጥላ ወጣበት። በሳምንቱ ግማሹ የፈላ ውሃ የተደፋበት መሰለ። አከፋፋዩ “ፀሐይ ላይ አስቀምጠኸው ነው” አለህ። አንተ “አሮጌ ነው የሸጥክልኝ” አልከው። ተጣላችሁ። ከዚያ ፎቶውን ልከህ “አንተ ዕፅዋት የተማርከው ሰውዬ፣ ማናችን ነን ልክ?” አልከኝ።

እውነቱን ልንገርህ፤ አላውቀውም ነበር። ያኔ ሲያትል ኡበር ነበር የምነዳው። ሐሮማያ ያን ሁሉ ዓመት አብረን ተቀምጠን ለአንድ አፕል መልስ ማጣቴ አንገበገበኝ። “ነገ አንብቤ እመልስለታለሁ” አልኩ። ነገ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት። ከቆየ በኋላማ ሰላም ማለቱ ራሱ ከበደኝ።

ካቻምና አንድ ሰው ዌናቺ ሥራ እንዳለ ነገረኝ። ከሲያትል ተራራውን ተሻግረህ የሦስት ሰዓት መንገድ ያህል ነው። ከተማዋ ራሷን “የዓለም የአፕል ዋና ከተማ” ብላ ትጠራለች። ትንሽ ጉራ አለባት፤ ግን በኮሎምቢያ ወንዝ ዳርና ዳር ዛፉን ስታየው ትፈቅድላታለህ። እኔ ማሸጊያ ቤት ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የአፕል ልጣጭ ሳይ ነው የምውለው። እና አሁን መልስህ አለኝ።

ተማሪ ሳለን አዲስ አበባ ያየነውን የሙዝ ማብሰያ ክፍል ታስታውሳለህ? ዝግ ክፍል ውስጥ ጥሬ ሙዝ ተከምሮ፣ የነጭ ጋዝ ምድጃ እየጨሰ፤ ዓይናችን እያለቀሰ ነበር የወጣነው። ሙዙን የሚያበስለው ሙቀቱ ብቻ መስሎን ነበር። በጭሱ ውስጥ ኤትሊን አለ፤ ማብሰያው ሆርሞን እሱ ነው። አፕል ደግሞ የማንንም ጭስ አይጠብቅም። ራሱ ይሠራዋል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ጌን ይህን ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። የሚገርመው፣ አፕል ትንሽ ኤትሊን ሲሸተው ይብስበትና ሌላ ይጨምራል። አንዱ ከጀመረ ክፍሉ በሙሉ ይከተለዋል።

አሁን ወደ ልጣጩ ልምጣ። ኤትሊን ልጣጩን አልፋ ፋርኔሲን የሚባል ዘይት ነክ ነገር አምርት ይለዋል። ይህ ራሱ ክፋት የለውም። ችግሩ በማቀዝቀዣ ውስጥ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ገደማ፣ በልጣጩ ሰም ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያ ቀስ እያለ ከኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል። ከውህደቱ የሚወጣው ነገር ነው ከልጣጩ ሥር ያሉትን ሴሎች የሚጎዳው። ይህ ሁሉ ሲሆን አፕሉ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ተቀምጦ ንጹሕ ነው። ዓይንህን ብታፈጥበት ምንም አታይም። ወደ ሙቀት ስታወጣው ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ቡናማ ይሆናል። እዚህ ስካልድ ይሉታል፤ የፈላ ውሃ ቃጠሎ እንደማለት ነው። ፎቶውን ስትልክልኝ አንተም ያልከው ይህንኑ ነበር፤ ሳታውቀው ስሙን ጠርተኸዋል።

እንግዲህ ፍርዴን ስማ። ፎቶው ላይ ካርቶኑ “ደቡብ አፍሪካ” ይላል፤ አፕሉ ግራኒ ስሚዝ የሚባለው አረንጓዴ ዝርያ ነው። እዚያ የሚለቀመው መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ነው። አንተ ዘንድ ኅዳር ሲደርስ ሰባት ወር ያህል ሆኖታል። ግራኒ ስሚዝ ደግሞ ለስካልድ ከሁሉም ደካማው ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ፀሐይህ አልነበረም። ሰውዬውም አውቆ አላታለለህም፤ ሲሸጥልህ እሱም የሚያየው ነገር አልነበረም። ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፤ አንተ ግን ወደ እውነቱ ትቀርባለህ። ይህን ለእሱ እንዳትነግረው።

አንድ ነገር ግን መጀመሪያ ሲነግሩኝ አላመንኩም። ሳይደርስ ቶሎ የተለቀመ አፕል ነው ይበልጥ የሚቃጠለው። እኔ ጥሬው ይጠነክራል ብዬ ነበር። ከመለቀሙ በፊት ቀዝቃዛ ሌሊቶች ያገኘው ይሻላል።

መድኃኒቱስ አትልም? የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ አሜሪካኖች አፕሉን አንድ በአንድ ዘይት በነካው ወረቀት ይጠቀልሉት ነበር። ወረቀቱ ያንን ዘይት ነክ ነገር ይመጥጥለታል። ያን የሚያህል ትዕግሥት! በኋላ ዲፒኤ የሚባል ኬሚካል መጣ፤ ውህደቱን ያግዳል። የአውሮፓ ኅብረት ግን በእ.ኤ.አ. 2014 የሚፈቀደውን ቅሪት በኪሎ ወደ 0.1 ሚሊ ግራም አወረደው። አሜሪካ ኬሚካሉን አሁንም ትፈቅዳለች።

የእኔ መሥሪያ ቤት የሚጠቀመው ሌላውን ነው፤ 1-ኤምሲፒ ይባላል። ሲስለርና ብላንከንሺፕ የሚባሉ የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው ያገኙት። ጋዝ ነው። ኤትሊን የሚገባበትን ቁልፍ ቀዳዳ ቀድሞ ይይዘዋል። ኤትሊኑ ደጅ ይቆማል፣ የሚሰማው የለም። በክፍሉ አየር ውስጥ ከሚሊዮን አንድ እጅ ያህል ይበቃል፤ አንድ ቀን ዘግተህ ትተወዋለህ። ከዚያ ፋርኔሲኑ ያንሳል፣ ስካልዱም አብሮ ይጠፋል። ጥፋቱ የኤትሊን እንደሆነ እኔን ያሳመነኝ ይኸው ነው፤ እሱን ዝም ስታሰኘው ልጣጩ ይድናል።

ግን እንዳትኮራበት። ኢምፓየር የሚባለው የአፕል ዝርያ ይህን ጋዝ ካገኘ በኋላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቀላሉ ይጎዳዋል፤ ሌላ ዓይነት የልጣጭ ጠባሳ ያወጣል። ፒር ላይ ካበዛኸው ደግሞ ጭራሽ አልበስልም ብሎ እንደ ድንጋይ ይቀራል።

ከጋዙ ሌላ ክፍሎቹን አሽገው ኦክስጅኑን ወደ 1 ወይም 2 በመቶ ያወርዱታል፤ እኔና አንተ የምንተነፍሰው 21 ነው። በሩ ላይ የሞት ምልክት አለ። መጀመሪያ ቀን አለቃዬ “እዚያ ውስጥ አንድ ሁለት ትንፋሽ ከወሰድክ ትወድቃለህ” ሲለኝ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። እስካሁን በዚያ በር ሳልፍ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ከውጭ ሆኜ! ሳቅብኝ።

ለሱቅህ የሚሆን ነገር ልንገርህ። ስካልድ የያዘው አፕል ከውስጥ ሥጋው ደህና ነው፤ ልጣጩን አንስተህ ጁስ ማድረግ ትችል ነበር። ካርቶኑን ሁሉ ለሰፈር ልጆች መስጠትህ ደግ ነው፣ ግን ከስረሃል። ኅዳር ታኅሣሥ ላይ አረንጓዴውን ትተህ “ጋላ” የሚባለውን የአፕል ዝርያ ጠይቅ፤ እሱን ስካልድ ብዙም አይደፍረውም። አረንጓዴውን የግድ ካልክ፣ ከመግዛትህ በፊት ጥቂት ፍሬ ወስደህ ቤት ውስጥ ሳምንት አቆየው። እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው። ከክፍሉ ናሙና አውጥተን ሙቀት ላይ ሰባት ቀን እናስቀምጣለን።

አሁን ስጽፍልህ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ 20 ግራኒ ስሚዝ ተደርድሯል። የሥራ አይደለም፤ ለራሴ ያመጣሁት ነው። ዛሬ አምስተኛ ቀናቸው። ትናንት ማታ ንጹሕ ነበሩ። ጠዋት ቡና ላፈላ ስገባ ሁለቱ ጀምረዋል። ፎቶ አንስቼ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ፤ ከአንተ ፎቶ ጋር አስተያየው።

እናትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ቶሎ ጻፍ።

ያንተው