አባባ፣ በረዶን እንዳይሸልቱት

አባባ፣ እንዴት ከረሙ? ክረምቱ እንዴት አለፈልዎ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልክ ላይ በደንብ ስለማይሰሙኝ መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው። የጎረቤታችን የሐጅያ ልጅ ታንብብልዎ። ቀስ ብላ ታንብብ።

ትናንት ስለ ውሻችን ስለ በረዶ "ጸጉሩ ቤቱን ሞላው፣ በግ ሸላች ጠርቻለሁ" ብለው ስልኩን ዘጉት። እባክዎ ሰውየውን ይመልሱት።

የበግ ጸጉር ቢሸለት መልሶ ይበቅላል። የበረዶ ግን ሌላ ነው፣ ድርብ ነው። ላይኛው ረዘም፣ ጠንከር ያለ ነው፤ ዝናብና ፀሐይ የሚመክትለት እሱ ነው። ከሥሩ ያለው አጭርና ለስላሳ ነው፤ አየር ይዞ ብርዱንም ሙቀቱንም ከቆዳው ያርቅለታል። አንዴ ከተላጨ የውስጡ ቶሎ ይበቅልና የላዩ ይዘገያል። አንዳንዴም እንደ ድሮው አይመለስም። እስከዚያ ፀሐይ ቆዳውን ታቃጥለዋለች።

ዘሩ ሳሞይድ ነው የሚባለው። ሳይቤሪያ ውስጥ አጋዘን የሚያረቡ ሰዎች ናቸው ያሳደጉት፤ ማታ አብሯቸው እየተኛ ያሞቃቸው ነበር። ለእሱ የደሴ ብርድ ምኑም አይደለም። ከኮንዶሚኒየም አውጥቼ ወደ እርስዎ ያመጣሁትም ለዚህ ነው። እህቴ ጋ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ግን ይዘውት አይሂዱ። ውሻ እንደ ሰው ገላው አያልበውም፤ እያለከለከ ነው ሙቀቱን የሚያወጣው። ሐረጎን ወርዶ ያ ሙቀት ሲቀበለው ይጎዳል።

ቤቱን ሞላው ያሉት የውስጡ ጸጉር ነው። በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ እንዲህ ይረግፋል። ለጥቂት ሳምንት ቤቱ ጥጥ የተነደፈበት ይመስላል፣ ከዚያ ያልፋል። ላይ ላዩን ማበጠር ግን ዋጋ የለውም። በአንድ እጅዎ ጸጉሩን ወደ ላይ ገልጠው ይያዙ። በሌላው ከቆዳው ጀምረው ትንሽ ትንሽ እያወረዱ ያበጥሩ። ከእግሩ ጀምረው ወደ ጀርባው ይውጡ። የሚቋጠረው ከጆሮው ኋላ፣ ብብቱ ሥርና ከኋላ ጭኑ ነው። ቋጠሮ ካገኙ አይጎትቱ፣ በጣትዎ ይፍቱት። ሳይበጠር አይታጠብ፤ ውሃ ሲነካው ቋጠሮው ይብስ ይጠብቃል። ከታጠበ ደግሞ እስከ ቆዳው ይድረቅ። እርጥበቱ ውስጥ ከታመቀ ይቆስላል።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ ስድስተኛ ክፍል ገብቷል። ሂሳብ ላይ አጎቱን ነው የወጣው፣ ምን ላድርግ። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ "ሰ" ማለት አቅቷታል። በረዶን ትስላለች። ሁሌ እርስዎን ከጎኑ ታደርግዎታለች፣ ከነባርኔጣዎ። ጠዋት ጠዋት ጸጉሯን ስሠራላት ግን ቤቱ በለቅሶ ይናወጣል።

ጸጉር ካነሳሁ አይቀር ልናገረው። እማ ያረፈች ጊዜ የእኔን ጸጉር ያስታውሱታል? አርባዋ ከወጣ በኋላ ነው። ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀምጠው በምላጭ ላጩኝ። ሹሩባውን የሠራችልኝ እማ ነበረች፣ ሳትታመም። ተበጣጥሶ ነበር፣ አውቃለሁ። አልፈታም ብዬ ስንት ቀን እንደተጣላን ያውቃሉ። "ማን ያበጥርልሻል?" አሉኝ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። የሳሙናው አረፋ በአንገቴ ሲወርድ ይበርድ ነበር። ሹሩባው መሬት ላይ ወድቆ ዶሮዎቹ ሲጭሩት አየሁ።

ትምህርት ቤት መላጣ አሉኝ፣ እሱ አልፏል። ያላለፈው ሌላ ነው። ሐጅያ በአጥሩ በኩል "እኔ እሠራላት ነበር እኮ" ሲሉ ሰምቻለሁ። እርስዎም ሰምተዋል። ለምን አልጠየቋቸውም አባባ? አንድ ቃል ነበር። በእኛ ቤት ሰው መለመን ነውር ሆኖ ነው?

ልጄ፣ ይህን ስታነቢ እንዳትደነግጪ። የድሮ ነገር ነው።

ማታ ማታ በረዶን ፊትዎ አስተኝተው በሚዶ ሲያበጥሩት፣ ሲያዋሩት እንደሚያመሹ የሐጅያ ልጅ ነግራኛለች። ደስ ብሎኛል። ትንሽም ቀንቻለሁ፣ ምን ልደብቅዎ። ታዲያ እንዲህ የሚወዱትን ሥራ ትተው መሸለትን ምን አመጣው? ቋጠሮው አልታይ ብሎዎት ነው አይደል?

ልጅቷን አይቆጧት፣ ነዝንዤ ያናገርኳት እኔ ነኝ። ለሊስትሮው የ10 ብር መስሎዎት 200 ሰጥተዋል። በረዶ ደረጃው ላይ ስቦዎት ጉልበትዎ አብጧል። እሱ ከ20 ኪሎ በላይ ነው፣ ዘሩም ጋሪ ሲጎትት የኖረ ነው። ገመዱን እጅዎ ላይ አይጠምጥሙት። ሲስብዎ ይልቀቁት፣ ሲርበው ይመለሳል።

የዓይንዎን ነገር ግን "አርጅቻለሁ፣ ከእንግዲህ ምን ላይ" ብለው እንዳይዘጉብኝ። የዓይን ሞራ ከሆነ መነጽርም ጠብታም አያጠፋውም። የደፈረሰውን ሌንስ አውጥተው በሰው ሠራሽ ይተኩታል። ብዙ ጊዜ አይፈጅም፣ አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። አዲስ አበባ ይምጡ አላልኩም፣ እንደማይመጡ አውቃለሁ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አፍንጫዎ ሥር ነው፣ የዓይን ሐኪም አለው።

ሐጅያን ጠይቄያቸዋለሁ። እርስዎ ስለማይጠይቁ እኔ ጠየቅሁ። "አብሽሪ፣ እኔ እወስዳቸዋለሁ" አሉኝ። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይመጣሉ። በረዶን አስቀድመው ይሰሩት፤ ምራቁ ከነካቸው ለሶላት እንደገና ሊታጠቡ ነው። የስኳር መድኃኒትዎን ስም ወረቀት ላይ ያስጽፉና ይያዙ፣ ሐኪሙ ይጠይቅዎታል። የሚከፈለውን ለሐጅያ ልኬያለሁ፣ ከእርስዎ አይቀበሉም፣ አይጨቃጨቋቸው።

ቀጠሮ ከሰጡዎት ቀኑን ወዲያው ያስደውሉልኝ፣ ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ። እምቢ የሚሉም ከሆነ ለሐጅያ ሳይሆን ለእኔ ይንገሩኝ።

ልጅዎ